በስብሰባ የበሰለች ሴራሚክ

ልደታ የሚሠራ ሰው አንድ መከራ አለበት። ፋይል ይዞ ታክሲ ከተሳፈረ፣ ሰው ሁሉ ክስ ያለበት ይመስለዋል። ፍርድ ቤቶቹ ያመጡብን ጣጣ ነው። ጠዋት ከጠመንጃ ያዥ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ፋይሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉት እናት አንዴ ፋይሉን አንዴ ፊቴን ያዩና «አይዞሽ ልጄ፣ የባል ነው የቤት?» ይሉኛል። ድሮ ድሮ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። «ክስ የለብኝም እናቴ፣ ተማሪ ነኝ፤ ኢትሪየም ኦክሳይድ ከሚባል ዱቄት ብርሃን የሚያሳልፍ ሴራሚክ እየሠራሁ ነው» ስላቸው ፊታቸው ላይ የማየው ሐዘን ለባል ክስ ከሚታዘነው ይብሳል። አሁን ነቅቻለሁ። «የቤት ነው» እላለሁ፤ «ይፍረድልሽ» ብለው መርቀውኝ ይወርዳሉ።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር። ይህ ኢትሪየም የሚባለው ነገር «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» ከሚባሉት ወገን ነው። ብርቅዬ ይባሉ እንጂ እነሱስ ሞልተዋል፤ ችግሩ ከሌላው አፈር ለይቶ ማውጣቱ ላይ ነው። የእኛን መሥሪያ ቤት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ መማር አያስፈልገውም። ሠራተኛ ሞልቷል፤ የሚሠራውን ለይቶ ማውጣት ነው ጭንቁ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ወጌን ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ዱቄቱን አሲድ ውስጥ አሟሟለሁ፣ አሞኒያ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ፣ እንደ እርጎ ይረጋል። አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ እፈጨዋለሁ፣ የሣንቲም ቅርጽ እስኪይዝ በፕሬስ ማሽን እጨምቀዋለሁ፣ ከዚያ ምድጃ ይገባል። ከምድጃው በደህና የወጣችውን ዲስክ ሁለት ነገር እለካባታለሁ፤ ብርሃን ምን ያህል እንደሚያልፍባትና ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነች። በቃ፣ የማስተርስ ጥናቴ ይኸው ነው። እማዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠችና ለዕድር ጓደኞቿ «ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ዳቦ ትጋግራለች» ብላ አጠቃለለችው። የወሎ ሴት ናት፣ ነገር አታንዛዛም። አንዷ ጎረቤታችን «ሴራሚክ» የሚለውን ሰምተው ኖሮ፣ ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን የስኒ ትእዛዝ ይዘው መጡ። እማዬ ደግሞ ማታ ማታ ከበር ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ዛሬም አልበሰለልሽም?»

አልበሰለልኝማ። የምሠራውም የምማረውም እዚያው ልደታ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ረዳት መምህርት አድርገው ሲቀጥሩኝ ማስተርሴን በጊዜው እንደምጨርስ ተስማምተን ነበር። ጊዜው አለፈ፣ ተራዘመልኝ። ደግሞ አለፈ፣ ደግሞ ተራዘመልኝ። በመጨረሻ አማካሪዬ ዶክተር ሰለሞን አስጠሩኝና «ከዚህ በኋላ ማራዘሚያ የለም። ሴሚስተሩ ሳያልቅ አንዲት ደህና ዲስክ ካላወጣሽ ትምህርቱም ቀረ፣ ሥራውም ቀረ» አሉኝ። እንግዲህ የሕይወቴ ጉዳይ ሣንቲም በምታክል ክብ ነገር ላይ ተንጠለጠለ።

ጠላቴ መብራት ነው። ዲስኳ ብረት በሚቀልጥበት ሙቀት ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥባት መቀመጥ አለባት። ዱቄቱን የዶክተር ሰለሞን ዘመድ ከውጭ አገር በሻንጣ አምጥቶልኛል፤ ኤርፖርት ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ተገኝቶ ለግማሽ ቀን ሲመረመር ውሏል። ዱቄቱ ግን ያም ሆኖ ተገኘ። ስድስት ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት ነው ያልተገኘው። የትኛው ብርቅዬ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። መሀል ላይ መብራቱ ጥርግ ሲል ዲስኳ እንደ ኖራ ነጥታ ትቀራለች፣ ወይም ለሁለት ትሰነጠቃለች። ከእነዚያ ከከሸፉት አንዷ ዛሬም የሚንገዳገደው ጠረጴዛችን እግር ሥር ናት። እማዬ «እሷስ ጠንካራ ናት» ብላለች፤ የሜካኒካል ባሕርይዋ በዚያው ተረጋግጧል።

ኮሌጁ ጄኔሬተር የለውም እንዳትሉ። አለው። የጄኔሬተሩንም የላቦራቶሪ ዕቃውንም ቁልፍ የያዙት ጋሽ ጌጡ ናቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ በሥራ ዘመናቸው አንድ ዕቃ እንኳ ተበላሽቶባቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። ያልተበላሸበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን ድፍረት አሰባስቤ ሄድኩ።

«ጋሽ ጌጡ፣ ለስድስት ሰዓት ብቻ ጄኔሬተሩን ቢያስነሡልኝ።»

«ስብሰባ አለ?»

«ስብሰባ የለም፤ ምርምር ነው።»

ክንዴን ይዘው ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ወሰዱኝና በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ። «ለስብሰባ አገልግሎት ብቻ» ይላል። ማኅተም አለው።

«ምርምር የሚል ታያለሽ?»

«አላይም።»

«እኔም አላይም» አሉና በሩን ቆለፉት።

ዶክተር ሰለሞን ቢሮ ገብቼ ማልቀስ ቀረኝ እንጂ የቀረኝ የለም። እሳቸው ሳቁ። «እንግዲያው በስብሰባ ቀን አብስያታ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የኮሌጁን መስመር የዘረጋው ኤሌክትሪሻን የእኛን ላቦራቶሪ ከስብሰባ አዳራሹ ጋር አንድ ላይ አስሮት ኖሯል። አዳራሹ መብራት ካለው ምድጃዬም አለው። ሰውዬው ይህን በስህተት ያድርገው በጽድቅ አላውቅም፤ ባገኘው ግን ጉልበቱን እስም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር አልጠፋም አልኩ። ስብሰባ ሲለጠፍ ሌላው ሲያማርር እኔ ብቻ ጥርሴ አይከደንም ነበር። ግን ዕድሌ ሆኖ ያን ሰሞን የስብሰባ ድርቅ ገባ። ዘመኑን ሁሉ ሲሰበሰብ የኖረ ኮሌጅ እኔ ስፈልገው ወደ ሥራ ዞረ። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በመጨረሻ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ «የሥራ ሰዓት ብክነትን ስለመቀነስ የግማሽ ቀን ውይይት» ይላል። ከዚህ ሌላ ስብሰባ እንደማይኖርም ተነገረን።

ግማሽ ቀን። ሒሳቡን ሠራሁት። ምድጃው በማለዳ ቢለኮስ ሙቀቱ ጫፍ የሚደርሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ስድስት ሰዓት ስጨምርበት ዐሥራ አንድ ይሆናል። ስብሰባው ደግሞ ለምሳ ሊበተን ነው። ማታ ለእማዬ ነገርኳት።

«እማ፣ ዱዓ አድርጊልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ስብሰባው እንዲረዝም።»

ሙስበሃዋን መቁጠር ትታ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። «የኔ ልጅ፣ ለሱ ብለን አላህን አናስቸግርም። ስብሰባ ያለ ዱዓም ይረዝማል።»

የስብሰባው ዕለት ገና ጎሕ ሲቀድ ኮሌጁ በር ላይ ነበርኩ። ዲስኳን «ቢስሚላህ» ብዬ ምድጃው ውስጥ አስገባኋት፣ ለኮስኩ፣ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ የፊት ወንበር ያዝኩ። የፊት ወንበር ይዤ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ መውጫው በር አጠገብ ነው ቦታዬ። ዲኑ መድረክ ላይ ወጥተው «ጊዜ ወርቅ ነው» ብለው ንግግራቸውን ከመጀመራቸው መብራት ጥርግ አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። እኔ ጆሮዬን ወደ ጓሮው ጣልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ሲያጓራ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ አምፖሉም በራ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዲኑ «ጊዜ ወርቅ ነው» ብለው ከመጀመሪያው ሲደግሙት አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበርኩ ያጨበጨብኩት።

ጽሑፍ አቅራቢው የሚሰብከውን በተግባር የሚያውል ሰው ሆኖ ዕዳ አመጣብኝ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። ዲኑ ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ አሉና «ጥያቄ ከሌለ፣ በርዕሳችን መሠረት በጊዜ እንለያይ» አሉ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ምድጃዬ ገና ጫፍ አልደረሰም። ሳላስበው እጄ ብድግ አለ።

ስብሰባ ላይ ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ግን ሰው ሲናገር እየሰማሁ ስለኖርኩ አጀማመሩ ይጠፋኛል? «ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄና ሦስት አስተያየት አለኝ» አልኩ። ምን እንደምጠይቅ አላህ ነው የሚያውቀው። ዲኑ ይጠብቃሉ፤ አዳራሹ ይጠብቃል። «ለመሆኑ» አልኩ፣ «ብክነት ስንል ምን ማለታችን ነው?»

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መኖሩን ባውቅ ኖሮ ሌላ ትምህርት ባልተማርኩ። አዳራሹ ተቀጣጠለ። አንዱ ተነሥቶ ሻይ መጠጣት ብክነት ነው አለ። ሌላው ሻይ ያልጠጣ ሠራተኛ እሱ ራሱ ብክነት ነው አለ። ሦስተኛው «ቀደም ሲል የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ብሎ ጀመረና የተባለውን በሙሉ ከሥር ከመሠረቱ ደገመው። አራተኛው «እኔ ብዙ አልናገርም» አለ፤ ከሁሉ የረዘመው እሱ ነው። ነገሩ ቀዝቀዝ ሲል እኔ አንዲት እንጨት ጣል አደርጋለሁ። የሴቶች ተሳትፎ በጽሑፉ ላይ አልታየም እላለሁ፤ ይነድዳል። ልምድ ብንቀስም እላለሁ፤ ከማን እንቅሰም በሚለው ላይ ይነድዳል። በመሀሉ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ሹልክ ብዬ ምድጃዬን አይቼ እመለሳለሁ። ጫፍ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ስድስት ሰዓት ነው የቀረን፤ እኔና ቤቱ።

ግን ሰውና ሆዱን ማን ይለየዋል። ሰባት ሰዓት ሲሆን «ምሳ» የሚል ቃል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዳራሹ ባንዴ ተራገፈ። ዲኑ «እህታችን ብዙ ነጥብ ስላነሡ ከምሳ በኋላ እንቀጥላለን» ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ በመስኮት እስካይ ድረስ ነበር። ጋሽ ጌጡ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ይሄዳሉ። ለባዶ አዳራሽ ናፍጣ የሚያቃጥሉ ሰው አይደሉም። ዲስኳ ግማሽ ጥሬ ናት። ሮጬ ብደርስባቸውስ ምን እላለሁ? ወረቀቱ ላይ ምርምር አልተጻፈ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። መድረኩ ላይ ወጣሁና ማይኩን ጨበጥኩት። «እሺ፣ ወደ ውይይታችን እንመለስ» አልኩ ለወንበሮቹ። ጓሮ በኩል የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ አለ፤ የኔው ድምፅ ከውጭ ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። ጋሽ ጌጡ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ማጉያው አንጋጠጡ። ከዚያ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ዝም ካልኩ እንደሚነሡ ገባኝ፤ ስለዚህ ዝም አላልኩም።

ሰው ለባዶ ወንበር ምን ያወራል? ስለ ሥራ ሰዓት ብክነት የማውቀው ነገር ወዲያው አለቀ። ስለዚህ የማውቀውን አወራሁ። ኢትሪየም ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። በዱቄቱ መሀል የቀረች በዓይን የማትታይ የአየር ቀዳዳ ብርሃኑን እንዴት እንደምትበትነው፣ ለምን ስድስት ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ መብራት መሀል ላይ ሲሄድ ዲስኳ ምን እንደምትሆን፣ ጥንካሬዋን ለማወቅ በአልማዝ መወጋት እንዳለባት። የዓመታት ልፋቴን ማንም ሳያቋርጠኝ፣ ማንም «ጊዜሽ አልቋል» ሳይለኝ ያቀረብኩት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እየቆየ ሆዴ ባባ። «ይቺ ዲስክ ካልወጣች እኔ የምሄድበት የለኝም። እናቴን በምን እንደምረዳ አላውቅም» አልኩ። ወንበሮቹ ምንም አላሉም።

ዲኑ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ሲገቡ ማይኩን እንደጨበጥኩ ነኝ።

«ሰው ሳይገባ ጀመርሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ጊዜ እንዳይባክን ብዬ ነው።»

ለተሰበሰበው ሰው አርአያ አድርገው ጠቀሱኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔ ምንም ማድረግ አላስፈለገኝም። አንዴ የተነሣ ስብሰባ በራሱ ጉልበት ይሄዳል። በቡድን ተከፋፈሉ፣ የየቡድኑ ሪፖርት ቀረበ፣ በሪፖርቱ ላይ ውይይት ተደረገ። «የአቋም መግለጫ ይውጣ» ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ የለሁበትም። መግለጫው «የሥራ ሰዓትን በከንቱ አናባክንም» ይላል። አንዱ «በከንቱ» የሚለው ይውጣ አለ፤ ሌላው እሱ ከወጣ በቃላችን እንታሰራለን አለ። በዚህች ቃል ላይ ዐሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ ዐሥራ ሁለትም አለፈ። ምድጃዬ ግዳጁን ፈጽሞ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ እኔው ራሴ እጄን አውጥቼ «በጊዜ ብንለያይ» ብል፣ «መድረኩ አይታፈን» ብለው አስቀመጡኝ። በመጨረሻም ብዙ ስለተናገርኩ የክትትል ኮሚቴው ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። ምን እንደምከታተል እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

በማግስቱ የምድጃውን በር ከፈትኩ። ዲስኳ አለች። አልተሰነጠቀችም፣ አልነጣችም። ፊቷን አለስልሼ ካወለወልኳት በኋላ ጋዜጣ ላይ ሳስቀምጣት ከሥሯ ያለው ፊደል ቁልጭ ብሎ ተነበበ። የላቦራቶሪው ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የብርሃን መለኪያው ላይ ሳወጣትም ብርሃኑ እንደምመኘው አለፈባት። ማታ ለእማዬ ሰጠኋት። አገላበጠቻት፣ ወደ አምፖሉ አንሥታ በውስጧ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«በሰለች» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ግን የለም።

ቀጥሎ ጥንካሬዋ ነው። ለዚህ የሚሆን ማሽን ኮሌጁ አለው። ጫፉ ላይ አልማዝ አለበት፤ ዲስኳን በልክ ይወጋና የተወጋችበትን በማጉያ እያዩ ጥንካሬዋን ማስላት ነው። ማሽኑ የገባ ዕለት ሪባን ተቆርጦለታል፣ ኬክ ተበልቶለታል፣ ከዚያ ወዲህ ከነላስቲኩ ቆሟል። ሶፋውን ከነላስቲኩ፣ ሪሞቱን ከነላስቲኩ፣ የመኪና ወንበሩን ከነላስቲኩ በምንጠቀምበት አገር ማሽኑ ብቻውን ምን ያድርግ። ጋሽ ጌጡ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ፈርሜ ነው የተረከብኩት። ጡረታዬ ደርሷል፣ ማስረከብ አለብኝ። ላስቲኩ የወለቀ ዕቃ አሮጌ ነው፤ ማን ይረከበኛል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ወጣች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ማን?»

«ዲስኳ ነቻ። ካልወጣች የምትሄጂበት የለሽም አላልሽም?»

ለካ ሁሉንም ሰምተውኛል። «ጋሽ ጌጡ፣ አዳራሹ ባዶ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«ሰው ሁሉ በፊቴ አልፎ ነው ምሳ የሄደው።»

«ታዲያ ለምን አላጠፉትም?»

«ማይክ ላይ ሰው ካለ ስብሰባ ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «ወረቀቱ ወንበር ላይ ሰው ይኑር አይልም።»

ዲስኳን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ብዙ ካዩዋት በኋላ የመፍትሔ ሐሳብ አመጡ። ላስቲኩ አይወልቅም፤ ሰብሰብ ይላል። ሴት ጭቃ ላይ ስትሄድ ቀሚሷን እንደምትሰበስበው ላስቲኩን ከሥሩ ሰብስበው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እኔ በዚያ በኩል እጄን አስገብቼ ዲስኳን አስቀመጥኩ። አልማዙ ወረደ፣ ተነሣ። በማጉያው ሳይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ ከየማዕዘኑ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ። ጋሽ ጌጡ ላስቲኩን ሳይለቁ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ሰበርሻት» አሉ።

«የምንለካው እኮ ስንጥቁን ነው፤ ምን ያህል እንደምትችል የሚናገረው እሱ ነው።»

«ስንት ዘመን ለፍተሽ የሠራሻትን ልትሰብሪያት?»

«አዎ።»

«ይኼማ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉና ላስቲኩን በጥንቃቄ መልሰው አለበሱት።

ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት የዲፌንሱ ቀን ደረሰ። ከሌላ ቦታ የተጋበዙት ፈታኝ ፕሮፌሰር ከፊት፣ ዲኑና ዶክተር ሰለሞን ከጎናቸው፣ ጋሽ ጌጡ ደግሞ የፕሮጀክተሩ ኃላፊ ስለሆኑ ከኋላ ተቀምጠዋል። በደንብ አቀረብኩ፤ ለባዶ ወንበር የተለማመደ ሰው ሰው አያስፈራውም። ፕሮፌሰሩ ማሽኑ የሚታይበት ፎቶ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስቆሙኝ፤ «ማሽኑን ያቀፉት እጆች የማን ናቸው?» አሉ። ጋሽ ጌጡ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ዲስኳን አንሥተው አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆንጆ ሥራ ነው። ግን አንዲት ናት» አሉ። «አንዲት ዲስክ ዕድል ልትሆን ትችላለች። በዚሁ መንገድ ሁለት ተጨማሪ ሠርተሽ ካላሳየሽኝ ማሳለፍ አልችልም። ደግሞስ ስድስት ሰዓት ያልተቋረጠ መብራት ከየት አገኘሽ? ጽሑፍሽ ላይ አልጠቀስሽውም።»

ዶክተር ሰለሞንን አየሁ፤ እሳቸው ኮርኒሱን ያያሉ። መዋሸት እችል ነበር። ግን ነገ ያን ሁለት ዲስክ ከየት አባቴ አመጣለሁ?

«በስብሰባ ነው» አልኩ።

ሁሉንም አወጣሁት። ግማሽ ቀኑን፣ ጥያቄዎቼን፣ ማይኩን፣ ወንበሮቹን። ሳወራ የዲኑን ፊት ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር።

«ብክነት ስንል ምን ማለታችን ነው ያልሽው…» አሉ ዲኑ ቀስ ብለው።

«ለምድጃው ነበር።»

«የሴቶች ተሳትፎ ያልሽውስ?»

«እሱም ለምድጃው ነው። ግን እውነትም አልተካተተም ነበር።»

በቃ አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ሥራውም ሄደ፣ ትምህርቱም ሄደ፤ እማዬን ምን እላታለሁ። ጣልቃ የገቡት ፕሮፌሰሩ ናቸው። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጄኔሬተሩን ለላቦራቶሪው ብቻ ማስነሣት አይቻልም?»

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። እንግዳ ናቸው፤ አልፈረድንባቸውም።

«ወረቀቱ አይልም» አሉ ጋሽ ጌጡ ከኋላ።

ዲኑ ዲስኳን ከጠረጴዛው አነሡ። ወደ መስኮቱ ዞረው በውስጧ ለረጅም ጊዜ አዩ። «እኔ ይህን ኮሌጅ ስመራ ከስብሰባችን በእጅ የሚጨበጥ ነገር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉ፤ ቁጣም ሳቅም አልነበረበትም ድምፃቸው። ዲስኳን በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡ፣ ከኪሳቸው አጀንዳቸውን አወጡ፣ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገጹን ገለጡ።

«ማክሰኞና ዓርብ እንሰበሰባለን» አሉኝ። «ርዕሱን አንቺ ታመጪያለሽ። ሙሉ ቀን ይበቃሻል?»